የወንዶች የደም ምርመራ ውጤት፦ ከቁጥሩ በፊት ሰዓቱን፣ ቱቦውንና ከፍታውን ይዩ

የላብራቶሪ ወረቀት የተቀበለ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ከቁጥሩ ጎን በተጻፈችው «ኤች» ወይም «ኤል» ላይ ነው። ከፍ ብሏል፤ ዝቅ ብሏል። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። በተለይ ዝቅ ያለው ቴስቶስትሮን ከሆነ ብዙ ወንድ ለሚስቱም ለሐኪሙም ሳይነግር መርፌ ፍለጋ ይወጣል። እዚያ ከመድረሱ በፊት ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ቁጥሩ ግማሽ መልስ ነው። ሌላውን ግማሽ የሚነግረን ደሙ በስንት ሰዓት፣ በምን ሁኔታና በየትኛው ቱቦ እንደተቀዳ፣ ሰውዬውም የት እንደሚኖር ነው። ባሕር ዳር ተቀምጦ ለሌላ አገር ሰው የተሰናዳ ሰንጠረዥ ማንበብ የራሱ ጣጣ አለው።

በወረቀቱ ጠርዝ «መደበኛ» ተብሎ የሚታተመው ክልል አብዛኛውን ጊዜ የጤነኛ ሰዎችን ውጤት ሰብስቦ መሃለኛውን 95 በመቶ በመውሰድ የሚወጣ ነው። እንግዲህ ከ20 ጤነኞች አንዱ ምንም ሳይኖርበት ከክልሉ ውጭ ይወድቃል ማለት ነው። እርስ በርስ የማይገናኙ 20 ምርመራዎችን በአንድ ጠዋት ያሠራ ጤነኛ ሰው ቢያንስ አንዱ ከክልል የመውጣቱ ዕድል 64 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ከወሰኑ በጥቂት ነጥብ ያለፈ ቁጥርና ከወሰኑ ሦስት እጥፍ የሆነ ቁጥር ሁለቱም ጎናቸው «ኤች» ቢጻፍም እኩል አያስደነግጡም።

ቴስቶስትሮን

ይህ ሆርሞን ጠዋት ከፍ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። ልዩነቱ በወጣቶች ላይ ሰፊ ነው። ደሙ መቀዳት ያለበት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ይህን የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ከኢንተርኔት ላይ «ከ7 እስከ 10» የሚለውን አንብቦ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ክንዱን የሚሰጥ ሰው አለና። ሌሊት የሚሠራ ዘበኛ፣ ሾፌር ወይም ነርስ ከሆኑ ደግሞ የእርስዎ «ጠዋት» ከእንቅልፍ ከተነሡ በኋላ ያሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት ናቸው።

ሆድ ባዶ ይሁን። ምግብ፣ ከሁሉም በላይ ስኳር ያለው ነገር፣ ቴስቶስትሮንን ለጥቂት ሰዓታት ዝቅ ያደርገዋል። ስኳር የገባበት አንድ ሲኒ ቡናም ቢሆን ይቆይ፤ ውኃ ግን ይጠጡ፣ ደም ሥሩም በቀላሉ ይገኛል።

በሽታ ላይ ሆነው አይመርመሩ። ወባ፣ የሳንባ ምች፣ ቀዶ ሕክምና፣ ማንኛውም ትኩሳት ያለበት ሕመም ቴስቶስትሮንን ይጥለዋል፤ ሰውነቱ ሲያገግም ቁጥሩም አብሮ ይመለሳል። ከመስከረም እስከ ኅዳር በጣና ዙሪያ ወባ በሚበረታበት ወቅት የታመመ ሰው ከዳነ በኋላም ጥቂት ሳምንታት መጠበቅ አለበት። የተከታታይ ሌሊት እንቅልፍ ማጣትም እንዲሁ ያደርጋል።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይናገሩ። ለወገብ ሕመም ተብሎ ለወራት የተወሰደ ትራማዶል፣ ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ የሚሰጥ ፕሬድኒሶሎን ቴስቶስትሮንን ይቀንሳሉ። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን ደግሞ ሆርሞኑን ሳይነካ መለኪያውን ያታልላል። አንዳንዶቹ ማሽኖች የሚሠሩት በባዮቲን ላይ ተመርኩዘው ስለሆነ ቴስቶስትሮኑን በሐሰት ከፍ፣ ቲኤስኤችን (ታይሮይድን የሚያዘው ሆርሞን) እና ኤልኤችን (የዘር ፍሬን የሚያዘው ሆርሞን) በሐሰት ዝቅ አድርገው ያነባሉ። ከምርመራው ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ማቆም ይበቃል።

አንድ ወረቀት ጠጋ ብለን እንይ። እንበል ሰውዬው 38 ዓመቱ ነው፤ ይደክመዋል፣ የወሲብ ፍላጎቱም ቀንሷል። ወረቀቱ «ቴስቶስትሮን 2.6» ይላል። በይነመረብ ላይ ሲፈልግ «ከ300 በታች አነስተኛ ነው» የሚል አገኘና ልቡ ቀጥ አለ። መጀመሪያ መለኪያውን ያንብብ። 2.6 የተባለው ናኖግራም በሚሊሊትር ነው፤ በ100 ሲባዛ 260 ናኖግራም በዴሲሊትር ይሆናል፤ በናኖሞል በሊትር ደግሞ 9 ገደማ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ናኖግራም በሚሊሊትሩን በ3.47 ማባዛት ነው። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ሐኪሞች ማኅበር ወሰኑን 300 ናኖግራም በዴሲሊትር ላይ ያደርገዋል። በአውሮፓ የተለመደው አነባበብ ከ8 ናኖሞል በታችን ግልጽ ጉድለት፣ ከ8 እስከ 12 ያለውን አጠራጣሪ፣ ከ12 በላይን በቂ ይለዋል። የኛ ሰው 9 ላይ ነው፤ አጠራጣሪው ውስጥ።

አሁን የወረቀቱን ራስጌ ያንብብ፤ ናሙናው የተወሰደበት ሰዓት 9፡30 ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ምሳ በልቷል። ከሁለት ሳምንት በፊት የወባ መድኃኒት ጨርሷል። ይህ ውጤት አይፈረድበትም፤ ይደገማል። በሌላ ቀን፣ በጠዋት፣ ጤነኛ ሆኖ፣ ሳይበላ፣ ቢቻል እዚያው ላብራቶሪ። በድጋሚው 4.3 ካለ የቴስቶስትሮኑ ጉዳይ እዚያው ያበቃና ድካሙ ሌላ ቦታ ይፈለጋል፤ እንቅልፍ፣ ደም ማነስ፣ ስኳር፣ ታይሮይድ፣ የመንፈስ ጭንቀት። በድጋሚው 2.5 ካለ ግን ቀጣዮቹ ምርመራዎች ይታዘዛሉ። የጉድለት ምልክት የሌለው ሰው፣ ወይም አንድ ጊዜ ብቻ የተመረመረ ሰው፣ ሕክምና መጀመር የለበትም። እዚህ ላይ አቋሜ ጽኑ ነው።

ከተከታዮቹ አንዱ ኤስኤችቢጂ ነው። ቴስቶስትሮን በደም ውስጥ ብቻውን አይዞርም፤ አብዛኛው ከዚህ ፕሮቲንና ከአልቡሚን ጋር ተጣብቆ ይሄዳል፣ ነጻ ሆኖ የሚገኘው 2 በመቶ ገደማ ነው። ቦርጫም በሆነና ዓይነት 2 ስኳር ባለበት ሰው ኤስኤችቢጂ ይቀንሳል፤ ጠቅላላው ቴስቶስትሮን ዝቅ ብሎ ሲታይ ነጻው ምንም ላይሆን ይችላል። በእድሜ በገፋ፣ ጉበቱ በታመመ፣ ኤችአይቪ በደሙ ባለ፣ ወይም ለሚጥል በሽታ ፌኒቶይን ወይም ካርባማዜፒን በሚወስድ ሰው ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል፤ ጠቅላላው ያማረ ይመስላል፣ ነጻው ግን አንሷል። ነጻውን በቀጥታ እለካለሁ የሚለው ርካሽ ኪት አያስተማምንም፤ ከጠቅላላው፣ ከኤስኤችቢጂና ከአልቡሚን በስሌት ማውጣቱ ይሻላል።

ለዘር ፍሬ ትእዛዝ የሚያደርሱት ሆርሞኖች፣ ኤልኤችና ኤፍኤስኤች፣ ትእዛዙ ከየት እንደተቋረጠ ይናገራሉ። አዛዡ ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ነው። ቴስቶስትሮን ዝቅ ብሎ ኤልኤች ከፍ ካለ፣ ዕጢው እየጮኸ የዘር ፍሬው አልመለሰም ማለት ነው፤ በጆሮ ደግፍ ጊዜ የቆሰለ፣ የተመታ፣ የተጠማዘዘ፣ ወይም ከተፈጥሮ የክሮሞዞም ችግር ያለበት የዘር ፍሬ ሊሆን ይችላል። ቴስቶስትሮን ዝቅ ብሎ ኤልኤችም ዝቅ ካለ ችግሩ ከላይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መሃል ላይ ባለው ነው፤ ቴስቶስትሮኑ በግልጽ ዝቅ ብሎ ኤልኤች «መደበኛ» የሚል ወረቀት ደኅና ወረቀት አይደለም። ሆርሞኑ ሲወርድ ኤልኤች መጮህ ነበረበት፤ አልጮኸም። ይህም ከላይ ላለው ችግር ምልክት ነው።

በዚህ ጊዜ ከዚያው ዕጢ የሚወጣው ሌላ ሆርሞን፣ ፕሮላክቲን፣ ይታያል። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚንና ሪስፔሪዶን ከፍ ያደርጉታል። መርፌ የሚፈራ ሰው ድንጋጤውም ይጨምረዋል፤ ስለዚህ ከመቀዳቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል በጸጥታ መቀመጥ ጥሩ ነው። ከ200 ናኖግራም በሚሊሊትር ያለፈ ከሆነ የፒቱታሪ እባጭ ያስጠረጥራል። ራስ ምታትና የዓይን ዳር እይታ መጥበብ ከተጨመረበት ቀጠሮ የሚያስጠብቅ አይደለም።

ስለ መርፌው አንድ ነገር በግልጽ ይነገር። ከውጭ የገባ ቴስቶስትሮን ፒቱታሪውን ጸጥ ያሰኘዋል፤ ኤልኤችና ኤፍኤስኤች ይወርዳሉ፣ የዘር ፍሬው ሥራ ያቆማል፣ በወራት ውስጥ በዘር ፈሳሹ ውስጥ ስፐርም እስከ መጥፋት ይደርሳል። ካቆመ በኋላ ለመመለስ ብዙ ጊዜ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ልጅ የሚፈልግ ባል «ጉልበት እንዲሰጠኝ» ብሎ ጂም ቤት የተነገረውን መርፌ ሲወጋ መውለጃውን እየዘጋ ነው። ልጅ ላጣ ባልና ሚስት ደግሞ የባልየው የመጀመሪያ ምርመራ የዘር ፈሳሽ ነው፣ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ። የደም ሆርሞን ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ስኳርና ቱቦው

የብልት መቆም ችግር ይዞት የመጣ ወንድ ሁሉ ሆርሞን ይጠይቃል። ከእርሱ በፊት መታየት ያለባቸው ግን ስኳርና የደም ግፊት ናቸው፤ የብልት ደም ሥሮች ቀጫጭን ስለሆኑ ጉዳቱ ከልብ ዓመታት ቀድሞ እዚያ ሊታይ ይችላል። ቢያንስ 8 ሰዓት ከጾሙ በኋላ ከ100 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ጤነኛ፣ ከ100 እስከ 125 የቅድመ ስኳር ደረጃ፣ 126ና ከዚያ በላይ ሁለት ጊዜ ከተገኘ የስኳር በሽታ ነው።

እዚህ ላይ ቱቦው ይገባል። ደሙ ከክንድ ከወጣ በኋላ ሴሎቹ አልሞቱም፤ ቱቦ ውስጥ ሆነው ስኳሩን መብላታቸውን ይቀጥላሉ፣ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህል፣ በሙቀት ጊዜ ደግሞ ይፈጥናሉ። በቀይ ክዳን ቱቦ ተቀድቶ ሳይለይ ሦስት ሰዓት የቆየ፣ በሞተር ከአንድ ክሊኒክ ወደ ሌላ ላብራቶሪ የተላከ ናሙናን ያስቡ። በእውነት 130 የነበረው 108 ገደማ ሆኖ ይነበባል፤ የስኳር ሕመምተኛው «ትንሽ ከፍ ብሏል» ተብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለዚህ የተሠራው ፍሎራይድ ያለበት ባለ ግራጫ ክዳኑ ቱቦ ነው፤ እርሱም ቢሆን መብላቱን ሙሉ በሙሉ የሚያቆመው ከቆይታ በኋላ ስለሆነ ናሙናው ቶሎ መለየት አለበት። «ናሙናዬ እዚሁ ነው የሚሠራው ወይስ ይላካል?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ደግ ባለሙያ አይቆጣም።

የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ ጾም አይጠይቅም፤ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ስኳር ነው። ሆኖም የሚለካው በቀይ የደም ሴል ላይ የተለጠፈውን ስኳር ነው። በቅርቡ ወባ የያዘው፣ ብዙ ደም የፈሰሰው ወይም ደም የተሰጠው ሰው ሴሎቹ አዳዲስ ስለሆኑ ቁጥሩ በሐሰት ዝቅ ይላል። የብረት እጥረት ደግሞ በሐሰት ከፍ ያደርገዋል።

ሄሞግሎቢን በጣና ከፍታ

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ሰውነት ሄሞግሎቢን ይጨምራል፤ ስለዚህ ለባሕር ጠረፍ ሰው የበቃው ለእኛ አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ወንድ የደም ማነስ ወሰን ያደረገው 13 ግራም በዴሲሊትር ነው፤ በ2024 ባወጣው መመሪያ ከ1,500 እስከ 1,999 ሜትር ለሚኖር ሰው 1.1 ይጨመርበታል። የባሕር ዳር ወንድ ወሰን 14.1 ሆነ ማለት ነው። 13.6 ያለው ሰው ወረቀቱ ላይ ምንም ምልክት አይጻፍለትም፤ እውነቱ ግን ቀላል የደም ማነስ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ያለችው ደብረ ታቦር ላይ የሚጨመረው 1.8 ነው፤ ከዚያ ለምርመራ ወርዶ የመጣ ሰው ይህን ለሐኪሙ ይንገር። ቴስቶስትሮን በሐኪም ትእዛዝ የሚወስድም ይህን ልብ ይበል፤ መድኃኒቱ ደሙን ያወፍራል፣ ሄማቶክሪቱ (ቀይ ሴሎች ከደሙ የያዙት ድርሻ) ከ54 በመቶ ካለፈ ይቆማል፣ ደጋ የሚኖር ሰው ደግሞ ጉዞውን የጀመረው ከፍ ካለ ቦታ ነው።

ወንድ ላይ የብረት እጥረት ሲገኝ «ምግብህን አስተካክል» ብሎ መሸኘት አይበቃም። ወንድ በየወሩ ደም አይፈሰውም፤ ስለዚህ ደሙ የሚሄድበት ቦታ መፈለግ አለበት፦ መንጠቆ ትል፣ ከዳይክሎፌናክ ወይም ከአስፕሪን የመጣ የጨጓራ ቁስል፣ በእድሜ ከፍ ባለ ሰው ደግሞ የትልቁ አንጀት እባጭ። የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው ፌሪቲን ከ30 በታች ከሆነ እጥረቱ የተረጋገጠ ያህል ነው፤ ነገር ግን ኢንፌክሽን ላይ ፌሪቲን በራሱ ስለሚጨምር 60 ያለው ታማሚ ብረት አለው ማለት አይደለም። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወዲያው ሲጠጡ ብረቱ እንዳይመጠጥ ይከለክላሉ፤ አንድ ሰዓት ማራቅ ይረዳል።

ከሲቢሲው (ከሙሉው የደም ሴል ቆጠራ) ውስጥ የጣና ሰው ዓይኑን ሊጥልባት የሚገባት መስመር ኢኦሲኖፊል የተባለችው የነጭ ደም ሴል ዓይነት ናት። በፍጹም ቁጥር ከ500 በማይክሮሊትር ካለፈች መጀመሪያ ትል ይታሰባል፤ ሐይቁ ዳር ደግሞ የአንጀት ቢልሃርዝያ። የሚዋኝ፣ መረብ የሚጥል፣ ታንኳ የሚገፋ፣ ፎገራ ላይ ሩዝ ማሳ ውስጥ የሚውል ሁሉ ቆዳው ውኃ ይነካል። አንድ የሰገራ ምርመራ ነጻ ቢልም እንቁላሎቹ በየቀኑ እኩል ስለማይወጡ በተለያዩ ቀናት መድገም ያስፈልጋል። ሕክምናው ፕራዚኳንቴል ነው፣ በክብደት እየተሰላ፣ በኪሎ 40 ሚሊግራም በአንድ ቀን። ለዓመታት ሳይታከም የቆየ ቢልሃርዝያ ጉበትን አጠንክሮ ጣፊያን ያሳብጣል፤ ወረቀቱ ላይ የሚታየው ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ሴል) ከ150 ሺህ በታች ሆኖ መቅረቱ ነው። ፕላትሌት በወባ ጊዜም ይወርዳል፣ ግን ከሕክምና በኋላ ይመለሳል። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ጣፊያው ካበጠ፣ ነጩም ቀዩም ፕላትሌቱም አብረው ከወረዱ፣ ሰውዬውም ከፎገራ ወይም ከሊቦ ከምከም ከመጣ ወይም መተማና ሁመራ ለጉልበት ሥራ ከርሞ ከመጣ፣ ለካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ለሚተላለፈው በሽታ) መመርመር አለበት።

ነጭ የደም ሴልስ? ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ ብዙ አፍሪካውያን ደፊ የሚባለው ምልክት በቀይ ሴላቸው ላይ ስለሌለ ከነጭ ሴሎች ዋነኛው ኒውትሮፊላቸው በተፈጥሮ ዝቅ ይላል። ለዓመታት 1,300 ላይ የቆየ፣ የማይታመም ሰው በሽተኛ አይደለም። የድሮ ውጤቶችን በአንድ ፖስታ ማስቀመጥ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ጉበት፣ ኩላሊት፣ ስብ

የጉበት ጉዳትን የሚጠቁሙት ኤኤልቲና ኤኤስቲ በብዙ ላብራቶሪ እስከ 40 ድረስ መደበኛ ናቸው። ከባድ ስፖርት ወይም ቀኑን ሙሉ ድንጋይ መሸከም ከጡንቻ ወጥቶ ሁለቱንም ያሳድጋል፤ ከምርመራው በፊት ሁለት ሦስት ቀን ማረፍ ነው። ኤኤስቲ የኤኤልቲ እጥፍ ከሆነ አረቄውን መጠየቅ ግድ ነው። ከፍ ብሎ የቀረ ኤኤልቲ ሁሉ ግን የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ይገባዋል፤ አገራችን ላይ ብዙ ሰው ሳያውቀው ተሸክሞት ይኖራል፣ ምርመራውም ርካሽ ነው።

ኩላሊት የሚያጣራው ክሬያቲኒን ለወንድ ከ0.7 እስከ 1.3 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ ነው። ጡንቻማ ሰው ከፍ ይልበታል፤ ከስቶ የጠወለገ ሰው ኩላሊቱ ተጎድቶም ቁጥሩ ደኅና ሊመስል ይችላል፤ ስለዚህ በእድሜና በጾታ የተሰላውን የማጣሪያ መጠን ይጠይቁ። ከ60 በታች ሆኖ ሦስት ወር ከቆየ የኩላሊት በሽታ ነው። በዋዜማው ቅቅልና ጥብስ የበላ ሰው ክሬያቲኒኑ ለሰዓታት ይጨምራል።

የፋሲካ ሳምንት የስብ ምርመራ አይሠራበትም። ከሁዳዴ ወጥቶ በቅቤና በሥጋ ላይ የወደቀ ሰው ትራይግሊሰራይዱ ይዘላል፤ 400 ካለፈ ደግሞ በስሌት የሚወጣው ኤልዲኤል (መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል) ዋጋ የለውም። በጾም ማብቂያ ላይ የተለካውም በተቃራኒው አሳንሶ ያሳያል። የተለመደ አመጋገብ ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይተው ይለኩ።

ፒኤስኤና ብስክሌት

ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት፤ ስለዚህ ይህ እኛን ይመለከታል። ከፕሮስቴት ዕጢ የሚወጣው ፕሮቲን፣ ፒኤስኤ፣ ከ4 ናኖግራም በሚሊሊትር በላይ ሲሆን ፕሮስቴት ይመረመራል፤ ከፍታው ግን ካንሰር ብቻ አይደለም። በእድሜ የሚመጣው የፕሮስቴት ማበጥ፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የገባ ካቴተር ሁሉም ያሳድጉታል። ከምርመራው በፊት 48 ሰዓት ከግንኙነትም ከረጅም የብስክሌት ጉዞም መቆጠብ ይመከራል፤ የሽንት ኢንፌክሽን ከነበረ ስድስት ሳምንት ይጠበቃል። ለሽንት መቸገር ፊናስቴራይድ ከግማሽ ዓመት በላይ የወሰደ ሰው ደግሞ ቁጥሩ በግማሽ ያህል ስለሚወርድ 2.5 ያለው በእውነቱ 5 ነው። ምርመራውን ስለማድረግ ከሐኪም ጋር መነጋገሪያው እድሜ 50 ገደማ ነው፤ አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ሰው ከ45 በፊትም ቢጠይቅ ይገባዋል።

ገንዘቡ ለጥቂቱ ብቻ ከበቃ

የሆርሞን ምርመራ ውድ ነው፣ ሁሉም ቦታም አይሠራም። የ40 ዓመት ወንድ ምንም ሳያመው አንድ ጊዜ ራሱን ልይ ካለ ቅደም ተከተሉን እንዲህ አደርገዋለሁ፦ የደም ግፊት መለካት፣ በጾም ስኳር፣ ሲቢሲ፣ ክሬያቲኒን ከሽንት ምርመራ ጋር፣ ኤኤልቲ፣ በሕይወት አንድ ጊዜ ሄፓታይተስ ቢ፣ ኤችአይቪ። ሐይቁ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ሰገራ። የስብ ምርመራ ከተረፈ። ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ውፍረት ወይም የአንገት እብጠት ካለ ቲኤስኤች ይጨመር። ቴስቶስትሮን የሚገባው ምልክት ሲኖር ብቻ ነው፤ የጠዋት መቆም መጥፋት፣ የፍላጎት መቀነስ፣ የጢም መሳሳት፣ የጡት ማበጥ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የአጥንት ስብራት። ኤልኤች፣ ኤፍኤስኤች፣ ፕሮላክቲንና ኤስኤችቢጂን በአንድ ጊዜ ከፍሎ ማሠራት አያስፈልግም፤ የሁለተኛው ጠዋት ቴስቶስትሮን ዝቅ ብሎ ሲወጣ ይታዘዛሉ። የዘር ፍሬ ላይ እባጭ የዳሰሰ ወይም ድንገተኛ ከባድ ሕመም የተሰማው ሰው ግን የደም ውጤት አይጠብቅ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ። የተጠማዘዘ የዘር ፍሬ የሚድነው በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ ከተፈታ ነው።